ስንት ጥርስ ቀረዎት? ምንስ ማኘክ ይችላሉ?

አንድ የ75 ዓመት ሰው ለምርመራ ሐኪም ቤት ሲሄድ ብዙ ነገር ይጠየቃል። የደም ግፊቱ ይለካል። ስኳሩ ይታያል። እንቅልፍ፣ ሽንት፣ የጉልበት ሕመም፣ ሁሉም ይነሳል። «ሥጋ አኝከው ይበላሉ? ጥሬ ካሮትስ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። ሰውየውም ራሱ አያነሳውም። ጥሬ ካሮት መብላት ካቆመ ቆይቷል። ለምን እንዳቆመ እንኳ ልብ አላለውም።

ይህ ጥያቄ መዘለሉ በጣም ያሳስበኛል። ምክንያቱም አንድ አረጋዊ ምን ማኘክ እንደሚችል ካወቅን፣ ምን እየበላ እንደሆነ፣ ጡንቻው ለምን እየሳሳ እንደሄደ፣ አንዳንዴም ለምን ከሰው ጋር መብላት እንደተወ መረዳት እንጀምራለን። የጥርስ ጉዳይ በእርጅና ዘመን የመልክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከሁሉ በፊት የምግብ ጉዳይ ነው።

ነገሩ ደግሞ የጥቂት ሰዎች ችግር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2030 በዓለም ላይ ከ6 ሰዎች አንዱ 60 ዓመት የሞላው ወይም ያለፈው ይሆናል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ድርጅቱ በ2022 ባወጣው የአፍ ጤና ሪፖርት፣ 60 ዓመት ከሞላቸውና ካለፋቸው ሰዎች 23 በመቶ ያህሉ አንድም የራሳቸው ጥርስ እንደሌላቸው ገምቷል። 20 ዓመት የሞላው ሕዝብ በሙሉ ሲቆጠር ግን ቁጥሩ 7 በመቶ ገደማ ነው።

እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ያየ ሰው «እንግዲህ እድሜ ነው» ቢል አይፈረድበትም። ግን ልክ አይደለም። ጥርስ እድሜ ስለገፋ ብቻ አይወልቅም። ጥርስ የሚያሳጡን በዋናነት ሁለት በሽታዎች ናቸው፤ የጥርስ መቦርቦርና የድድ በሽታ። ሁለቱም ለዓመታት ሳያሳምሙ ውስጥ ውስጡን ይሠራሉ። ሁለቱንም መከላከል ይቻላል። እድሜ የሚያደርገው፣ ያልታከመ ጉዳት እንዲጠራቀም ጊዜ መስጠት ነው።

ለዚህ ጥሩ ማሳያ ጃፓን ናት። በ1989 የሀገሪቱ የጤና ሚኒስቴርና የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር «8020» የሚባል ዘመቻ ጀመሩ። ግቡ በ80 ዓመት እድሜ 20 የራስ ጥርስ ይዞ መገኘት ነው። ያኔ እዚህ ግብ ላይ የሚደርሰው የ80 ዓመት ሰው ከ10 በመቶ በታች ነበር። በ2016 በተደረገው ብሔራዊ ጥናት ቁጥሩ 51 በመቶ ደርሷል። ዘመቻው ብቻውን ይህን ሁሉ አመጣ ማለት አይቻልም። ፍሎራይድ ያለበት የጥርስ ሳሙና ተስፋፍቷል። ሕክምናው ተሻሽሏል። የሲጋራ አጫሾች ቁጥር ቀንሷል። አንድ ነገር ግን በማያሻማ ሁኔታ ታይቷል። የሰው ተፈጥሮ በ27 ዓመት አይለወጥም፤ ስለዚህ በእርጅና ጥርስ ማጣት የተፈጥሮ ግዴታ አይደለም።

20 የሚባለው ቁጥር ከየት መጣ?

ሙሉ የአዋቂ ጥርስ 32 ነው። በአዋቂነት የሚበቅሉት የመጨረሻዎቹ 4 መንጋጋዎች ሲቀነሱ 28 ይሆናል። ታዲያ 20 ለምን ይበቃል ተባለ?

በ1981 ኔዘርላንዳዊው ተመራማሪ አርንድ ካይዘር አንድ ሐሳብ አቀረበ። የፊት 12 ጥርሶች ክራንቻዎቹን ጨምሮ፣ ከእነሱ ቀጥለው ያሉት 8 ትንንሽ መንጋጋዎች ደግሞ ከላይም ከታችም ካሉ፣ ትልልቆቹ የኋላ መንጋጋዎች ባይኖሩም እንኳ አብዛኛው ሰው በደህና ይበላል የሚል ነው። 12 እና 8 ሲደመር 20 ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ቢያንስ 20 ጥርስ መያዝን «ለመብላት የሚበቃ» የጥርስ መጠን መለኪያ አድርጎ ሲጠቀምበት ቆይቷል።

መለኪያው ጠቃሚ ነው። ለመቁጠር ቀላል ነው፤ አገርን ከአገር ለማነጻጸርም ይመቻል። ግን ሰውን በግል ስንመለከት ሊያሳስተን ይችላል። ሁለት ሰዎችን አስቡ። ሁለቱም 20 ጥርስ አላቸው። የመጀመሪያዋ ከላይ 10፣ ከታች 10 አላት፤ የላይኛው ከታችኛው ጋር በትክክል ይገጥማል። ሁለተኛው ከላይ 14 አለው፣ ከታች ግን የቀሩት 6 የፊት ጥርሶች ብቻ ናቸው። ከላይ ያሉት መንጋጋዎቹ ጤነኛ ናቸው። ግን ከታች የሚገጥማቸው የለም። አፉን ሲዘጋ ከሥራቸው ያለው ባዶ ድድ ብቻ ነው። በመዝገብ ላይ ሁለቱም «20» ተብለው ይጻፋሉ። ማዕድ ላይ ግን አንድ አይደሉም።

ጥርስ ብቻውን አያኝክም። ተጋጣሚ ይፈልጋል። ለዚህ ነው የጥርስ ሐኪሞች ስንት ጥርስ እንዳለ ብቻ ሳይሆን፣ ከኋላ ስንት ጥንድ ጥርስ እርስ በርሱ እንደሚገናኝ የሚያዩት። አንድ መንጋጋ ሲነቀል የሚጠፋው አንድ ጥርስ ብቻ አይደለም፤ ከላይ ወይም ከታች ያለው ባልደረባውም ሥራ ይፈታል። ጊዜ ሲሄድ ያ ሥራ የፈታ ጥርስ ወደ ክፍተቱ ሊወርድ ወይም ሊወጣ ይችላል። በጎን ያሉትም ወደ ክፍተቱ ያጋድላሉ። በመካከላቸው ምግብ መሰንቀር ይጀምራል። ስለዚህ «ይህን እንንቀለው» ሲባሉ «ከሱ ጋር የሚገጥመው የቱ ነው? ሲነቀል በምን ይተካል?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ሐኪሙ ይህን ጥያቄ በደስታ መመለስ አለበት።

ማኘክ የጥርስ ሥራ ብቻ አይደለም

ጉርሻ አፍ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን ቀስ ብለን እንየው። ጥርስ ይቆርጣል፣ ይፈጫል። ያልተፈጨውን እያገላበጠ ወደ ጥርስ የሚመልሰው ግን ምላስ ነው። ወደ ውጭ እንዳያመልጥ ጉንጭ ይገፋል። ምራቅ የተፈጨውን ያርሰዋል፣ ያጣብቀዋል፣ ለመዋጥ የሚመች ያደርገዋል። የመንጋጭላ ጡንቻ ኃይል ይሰጣል። ከነዚህ አንዱ ሲደክም ሙሉ ጥርስ ያለውም ሰው ይቸገራል። ስትሮክ ያጋጠመው ሰው በአንድ በኩል ጉንጩ ውስጥ ምግብ ተጠራቅሞ የሚቀረው ለዚህ ነው።

ተመራማሪዎች የማኘክ ችሎታን በተለያየ መንገድ ይለካሉ። አንዱ ሁለት ቀለም ያለው ማስቲካ ነው። ሰውየው የተወሰነ ጊዜ ያኝከዋል፤ ከዚያ ሁለቱ ቀለሞች ምን ያህል እንደተቀላቀሉ ይታያል። ሌላው ጥሬ ካሮት ወይም ለውዝ አኝኮ መትፋት ነው። የተተፋው በወንፊት ይነፋል፤ ቁርጥራጮቹ ምን ያህል እንደደቀቁ ይለካል። የመንከስ ኃይልን የሚለካ መሣሪያም አለ። ሙሉ ተነቃይ ጥርስ (እየወለቀ የሚገባ ሰው ሠራሽ ጥርስ) የሚጠቀሙ ሰዎች የመንከስ ኃይላቸው የራሱ ጥርስ ካለው ሰው ጋር ሲነጻጸር ብዙ ጊዜ ከሩብ አይበልጥም።

በዚህ ሁሉ መሀል እኔን በጣም የሚያስደንቀኝ ሌላ ነገር ነው። ሰዎች ስለ ራሳቸው የሚናገሩትና የሚለካው ብዙ ጊዜ አይገናኝም። «ማኘክ ይቸግርዎታል?» ሲባሉ «ኧረ ደህና ነኝ» ይላሉ። ሲለኩ ግን ችሎታቸው በጣም ዝቅ ያለ ሆኖ ይገኛል። አልዋሹም። ተላምደውታል። ጠንካራውን ምግብ አንድ በአንድ ከማዕዳቸው አውጥተዋል፤ የቀረው ለስላሳ ነው፣ እሱን ደግሞ በደንብ ያኝካሉ። ስለዚህ የሚሻለው ጥያቄ «ይቸግርዎታል?» የሚለው አይደለም። «ከአምስት ዓመት በፊት ይበሉት የነበረ፣ አሁን የተዉት ምግብ አለ?» የሚለው ነው። በቤተሰብ ውስጥም ይህን መጠየቅ ይቻላል። እናትዎ ፖም በቢላ እየላጡና በስሱ እየቆረጡ መብላት ከጀመሩ፣ አባትዎ ሥጋውን ወደ ሳህኑ ጠርዝ እየገፉ መረቁን ብቻ የሚጠጡ ከሆነ፣ ምልክቱ ግልጽ ነው።

ከማዕዱ የሚወጣው ምግብ ደግሞ ማንኛውም ምግብ አይደለም። ጥሬ አትክልት ነው፣ ፍራፍሬ ነው፣ ለውዝ ነው፣ ሥጋ ነው። አሰርና ቫይታሚን፣ አንዳንዴም ፕሮቲን አብሮ ይቀንሳል። በእርጅና ዘመን ፕሮቲን ማጣት ቀላል ነገር አይደለም፤ ጡንቻ በፍጥነት ይሳሳል፣ ከወንበር መነሳት ይከብዳል፣ መውደቅ ይመጣል። በቦታው የሚተካው ለስላሳ ምግብ ደግሞ ብዙ ጊዜ ስኳር ወይም የላመ ዱቄት የበዛበት ነው። ያ ምግብ የቀሩትን ጥርሶች ይበላል። ጥርስ ሲያንስ ምግቡ ይለሰልሳል፣ ምግቡ ሲለሰልስ ጥርስ ያንሳል። ሌላም አደጋ አለ። በደንብ ያልታኘከ ጉርሻ ትልቅ ሆኖ ይዋጣል፤ በአረጋውያን ላይ የመታነቅ አደጋን ይጨምራል።

ስለ መርሳት በሽታ አንድ ነገር መባል አለበት፤ ብዙ ሰው ይህን በየቦታው ያነባልና። ጥርስ በማጣትና በመርሳት በሽታ መካከል ዝምድና ያሳዩ ጥናቶች ብዙ ናቸው። የቱ የቱን እንዳመጣ ግን ገና አልተረጋገጠም። መርሳት የጀመረ ሰው ጥርሱን መቦረሽም ይረሳል። የምግብ እጥረት፣ ሲጋራና ስኳር በሽታ ሁለቱንም ሊያባብሱ ይችላሉ። ስለዚህ «ጥርስህን ቦርሽ፣ አትረሳም» ብሎ ማስፈራራት ሳይንሱ ከሚለው በላይ መናገር ነው። ጥርስን ለመጠበቅ ያንን ማስፈራሪያ አንፈልግም። ምግቡ ብቻ በቂ ምክንያት ነው።

በእርጅና አፍ ውስጥ የሚለወጠው

ብዙ ሰው በወጣትነቱ ጥርሱን በደህና ጠብቆ ቆይቶ ከ65 በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ብዙ ጥርስ ያጣል። ልማዱን አልለወጠም። አፉ ግን ተለውጧል።

የመጀመሪያው ለውጥ የድድ መሸሽ ነው። ድድ ወደ ኋላ ሲሸሽ የጥርስ ሥር ይገለጣል። የጥርስን አናት የሚሸፍነው ሽፋን በሰውነታችን ውስጥ ካሉት ነገሮች ሁሉ ጠንካራው ነው። ሥሩ ላይ ያ ሽፋን የለም። ልዩነቱ በቁጥር ይታያል። በአፍ ውስጥ ያለው አሲድ የጥርስን አናት ማሟሟት የሚጀምረው የፒኤች መጠኑ (የአሲድነት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲወርድ አሲዱ ይበረታል) ወደ 5.5 ሲወርድ ነው። ሥሩን ግን ከ6.2 እስከ 6.7 ባለው መጠን ላይ ሆኖም ማሟሟት ይጀምራል። ይህ በጣም ደካማ አሲድ ነው። ማለትም አንድ ጣፋጭ ሻይ፣ በወጣትነት አናቱን ያልነካ፣ አሁን ሥሩን ይጎዳል። በአረጋውያን ላይ የምናየው መቦርቦር ብዙ ጊዜ ከድድ ጠርዝ ላይ የሚጀምረው ለዚህ ነው። ጥርሱን ዙሪያውን ከበላው በኋላ አንድ ቀን አናቱ ቀጭ ብሎ ይሰበራል።

ሁለተኛው የአፍ መድረቅ ነው። ጤነኛ ሰው በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ተኩል ምራቅ ያመነጫል። ምራቅ አሲዱን ያለዝባል፣ የተጎዳውን የጥርስ ሽፋን በማዕድን ይጠግናል፣ ባክቴሪያን ይቆጣጠራል። ብዙ ሰው «ምራቅ ያነሰኝ ስላረጀሁ ነው» ይላል። ትልቁ ምክንያት ግን መድኃኒት ነው። አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒቶች፣ ሽንት የሚያሸኑ መድኃኒቶች፣ የድባቴ መድኃኒቶች፣ የአለርጂ መድኃኒቶች፣ ሽንት አልቋጥር ላላቸው የሚሰጡ መድኃኒቶች፣ ሁሉም አፍ ሊያደርቁ ይችላሉ። አንዱ ብዙም ላያስቸግር ይችላል። ሦስትና አራት ሲደራረቡ ግን አፍ ይደርቃል፣ ምላስ ይጣበቃል፣ ደረቅ ምግብ አልዋጥ ይላል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚፈጽሙት ስህተት አለ። አፋቸው ሲደርቅ ከረሜላ ይመጥጣሉ፣ ወይም ጣፋጭ መጠጥ ቀኑን ሙሉ ፉት ይላሉ። ምራቅ በሌለበት፣ ሥሩ በተገለጠ ጥርስ ላይ፣ በየሰዓቱ ስኳር ማለት ነው። የሚሻለው ውሃ ቶሎ ቶሎ ፉት ማለትና ስኳር የሌለው ማስቲካ ማኘክ ነው። መድኃኒቱን በራስ ማቆም ግን ፈጽሞ አይገባም። ለሐኪሙ «ይህ መድኃኒት አፌን እያደረቀው ነው፤ መቀየር ወይም መጠኑን መቀነስ ይቻላል?» ብሎ መንገር ይቻላል፤ ብዙ ጊዜም አማራጭ ይገኛል።

ሦስተኛው ለውጥ እጅና ዓይን ነው። ጣቶቹ በመገጣጠሚያ ሕመም የቆለፉ ሰው ቀጭን የብሩሽ እጀታ አጥብቆ መያዝ አይችልም። ዓይኑ የደከመ ሰው የት እንደቆሸሸ አያይም። እየቦረሸ ነው፤ ግን አልቦረሸም። ለዚህ መፍትሔው ቀላል ነው። የብሩሹን እጀታ በጨርቅ ወይም በስፖንጅ ማወፈር፣ ወይም እጀታው ወፍራም የሆነ የኤሌክትሪክ ብሩሽ መጠቀም። መነጽር አድርጎ፣ በቂ ብርሃን ባለበት፣ መስታወት ፊት መቦረሽ።

ልማዱ በትክክል ምን ይሁን?

ጥናቶች በቀን ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ የሚቦርሹ፣ የጥርስ ሐኪም ጋ በየጊዜው የሚሄዱ አረጋውያን ብዙ ጥርስ እንደሚኖራቸው ደጋግመው አሳይተዋል። በሐቀኝነት ለማንበብ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እነዚህ ሰዎች ብዙ ጊዜ የተሻለ ገቢ አላቸው፣ የተማሩ ናቸው፣ ሲጋራም እምብዛም አያጨሱም። ልዩነቱን ሁሉ ለብሩሹ መስጠት አይቻልም። ያለ ጥርጥር የምንናገርለት ግን ፍሎራይድ ነው። በጥርስ ሕክምና ውስጥ እንደ ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና በብዙ ጥናት የተፈተነ ነገር ጥቂት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል።

ሳሙናው ላይ የተጻፈውን ያንብቡ። ለአዋቂ ከ1000 እስከ 1500 ፒፒኤም (ከሚሊዮን ስንት እጅ እንደሆነ የሚያሳይ መለኪያ) ፍሎራይድ ያለው ይመከራል። ሥሩ ላይ መቦርቦር ለጀመረው ወይም አፉ በጣም ለሚደርቅ ሰው 5000 ፒፒኤም ያለው አለ፤ እሱን የሚያዘው ሐኪም ነው። ሁለት ጊዜ፣ ለሁለት ደቂቃ ያህል፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ በዝግታ። ከሁለቱ አንዱ የግድ ከመኝታ በፊት ይሁን፤ ስንተኛ ምራቅ በጣም ይቀንሳልና። ከቦረሹ በኋላ አረፋውን ይትፉ እንጂ በውሃ አይጉመጥመጡ። ሲጉመጠመጡ ፍሎራይዱን አጥበው ያወጡታል። ይህች ትንሽ ነገር ምንም አታስከፍልም፤ ግን እጅግ ብዙ ሰው አያውቃትም።

ብሩሽ በጥርሶች መካከል አይገባም። ድድ ሲሸሽ ደግሞ በጥርሶች መካከል ያለው ክፍተት ይሰፋል፤ የድድ በሽታም በብዛት የሚጀምረው እዚያ ነው። በዚህ እድሜ ከክር ይልቅ በጥርስ መካከል የሚገባው ትንሹ ብሩሽ የበለጠ ያጸዳል፤ ለመያዝም ይቀላል። በክፍተቱ ልክ የተለያየ መጠን አለው።

ድድ ሲደማ ብዙዎች «አቆሰልኩት» ብለው መቦረሽ ይተዋሉ። ነገሩ ተቃራኒ ነው። የሚደማው ቆሻሻ ስለተጠራቀመበትና ስለተቆጣ ነው። በቀስታ መቦረሹን መቀጠል፣ በአንድ ሁለት ሳምንት ካልተሻለ መታየት ያስፈልጋል። አጫሾች ላይ ደግሞ የሚያታልል ነገር አለ። ሲጋራ የድድን መድማት ስለሚቀንስ በሽታው ተደብቆ ይገፋል። ድዱ ደህና መስሎት የቆየ አጫሽ አንድ ቀን ጥርሱ ሲነቃነቅ ያገኘዋል። የስኳር በሽታና የድድ በሽታም አንዱ ሌላውን ያባብሳል። ስኳሩ ካልተቆጣጠሩት ድዱ ይጎዳል፤ ድዱ ሲታከም ደግሞ ስኳሩን መቆጣጠር በመጠኑ ይቀላል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ላይ በደንብ ይሠራል።

ጥርሱ ከሄደ በኋላስ?

ጥርስ ሲነቀል ይዞት የነበረው አጥንት መመናመን ይጀምራል። በመጀመሪያው ዓመት በፍጥነት፣ ከዚያ በኋላ ቀስ እያለ፣ ግን ሳያቋርጥ። የታችኛው መንጋጭላ ከላይኛው ይብሳል። ስለዚህ ከአሥር ዓመት በፊት ልክ የነበረ ተነቃይ ጥርስ ዛሬ ይንቀሳቀሳል። ሰውየው ግን «ጥርስ አለኝ» ብሎ ስለሚያስብ አይሄድም፤ በማጣበቂያ ይይዘዋል፣ ወይም ሲበላ አውልቆ ያስቀምጠዋል። ተነቃይ ጥርስ በየጊዜው መታየትና ውስጡ ከድዱ ጋር እንደገና መስተካከል አለበት።

የታችኛው ሙሉ ተነቃይ ጥርስ ከሁሉም አስቸጋሪው ነው። ምላስ ይገፋዋል፣ የሚጣበቅበትም ሰፊ ቦታ የለም። በ2002 በካናዳው ማክጊል ዩኒቨርሲቲ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች፣ ታችኛው ድዱ ባዶ ለሆነ ሰው ተመራጩ ሕክምና በሁለት ኢምፕላንት (መንጋጭላ አጥንት ውስጥ የሚተከል ሰው ሠራሽ የጥርስ ሥር) ላይ የሚያርፍ ተነቃይ ጥርስ ነው ብለው ተስማምተዋል። ለብዙ ሰው ዋጋው አሁንም የማይቀመስ ነው። ኢምፕላንትም ቢሆን አንዴ ተተክሎ የሚረሳ ነገር አይደለም። ዙሪያው ካልጸዳ ድዱ ይቆጣል፣ አጥንቱ ይበላል፣ ኢምፕላንቱም ይወድቃል።

አንድ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር ልጨምር። አዲስ ጥርስ ማሠራት ብቻውን አመጋገብን አይቀይርም። ለዓመታት ለስላሳ ምግብ የለመደ ሰው አዲሱን ጥርስ አድርጎ ያንኑ ምግብ ይበላል። የአመጋገብ ምክር ከጥርሱ ጋር አብሮ ሲሰጥ ግን ለውጥ ይታያል። ጥርስ ሠርቶ «በሉ እንግዲህ» ብሎ መሸኘት ሥራውን በግማሽ መተው ነው።

ጃፓኖች ይህን አንድ እርምጃ ወደፊት ወስደውታል። የሀገሪቱ የአረጋውያን ጥርስ ሕክምና ማኅበር በ2016 «የአፍ አቅም መድከም» ለሚባል ሁኔታ መመዘኛ አወጣ። ሰባት ነገሮች ይታያሉ፤ የአፍ ንጽሕና፣ የአፍ መድረቅ፣ የመንከስ ኃይል፣ የምላስና የከንፈር ፍጥነት፣ የምላስ ግፊት፣ ማኘክና መዋጥ። ከሰባቱ በሦስቱ የደከመ ሰው ችግሩ እንዳለበት ይቆጠራል። የምላስና የከንፈር ፍጥነት የሚለካው «ፓ»፣ «ታ»፣ «ካ» የሚሉትን ድምፆች እያንዳንዳቸውን ቶሎ ቶሎ በማለት ነው። በ2018 ምርመራው በጤና መድን ውስጥ ገባ። የዚህ አሠራር ጥቅሙ ጥያቄውን መቀየሩ ነው። ሐኪሙ የተቦረቦረ ጥርስ ፈልጎ አያቆምም፤ ይህ ሰው በአፉ መብላት ይችላል ወይ ብሎ ያያል።

ራሱ መቦረሽ ለማይችል ሰው

ከሁሉም በላይ የተረሱት አልጋ ላይ የዋሉ፣ ወይም በመርሳት በሽታ ምክንያት ራሳቸውን መንከባከብ ያልቻሉ አረጋውያን ናቸው። ዛሬ ከቀደመው ትውልድ ይልቅ ብዙ ጥርስ ይዘው እዚህ ደረጃ ይደርሳሉ። ትልቅ ድል ነው፤ ግን እንክብካቤውን ያከብደዋል። ሙሉ ተነቃይ ጥርስ አውልቆ ማጠብ ይቻላል። 22 ጥርስ፣ ሁለት ድልድይ (ከአጎራባች ጥርሶች ጋር የተያያዘ የማይወልቅ ሰው ሠራሽ ጥርስ) እና አንድ ኢምፕላንት ያለው፣ አፉንም አልከፍት የሚል ሰው ግን ሌላ ነገር ነው።

አፍ ውስጥ የተጠራቀመው ባክቴሪያ ከምራቅ ጋር ወደ ሳንባ ሲገባ የሳንባ ምች ሊያመጣ ይችላል። በጃፓን የአረጋውያን ማቆያዎች የተደረጉ ጥናቶች፣ ከእያንዳንዱ ምግብ በኋላ አፋቸው የሚጸዳላቸው ሰዎች በሳንባ ምች የመያዝና የመሞት ዕድላቸው ዝቅ ያለ መሆኑን አሳይተዋል። በ2015 የታተመ ሌላ የጃፓን ጥናት ደግሞ፣ እድሜያቸው 85 እና ከዚያ በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ፣ ተነቃይ ጥርስ እንዳደረጉ መተኛት ከሳንባ ምች አደጋ በእጥፍ ገደማ መጨመር ጋር መያያዙን አግኝቷል። ስለዚህ ማታ ይውለቅ። በብሩሽና በለስላሳ ሳሙና ይታጠብ፤ የጥርስ ሳሙና ይፍቀዋል። ከዚያ በውሃ ውስጥ ይደር። ፈላ ያለ ውሃ ቅርጹን ያበላሸዋል።

ለሰው ሲቦርሹ ሰውየው ቀና ብሎ ይቀመጥ፤ አገጩ ትንሽ ወደ ደረቱ ዘንበል ይበል፤ ወደ ኋላ አይጋደም። ሳሙናው ትንሽ ብቻ ይሁን። መትፋት ካልቻለ አረፋውን በእርጥብ ጋዝ ይጥረጉለት። ተቀምጦ የጥርስ ሕክምና መቋቋም ለማይችል ሰው፣ የተቦረቦረውን ጥርስ ሳይቆፍሩ የሚቀባ ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድ የሚባል ፈሳሽ አለ። ብዙ ጊዜ መቦርቦሩን ያቆመዋል። የተቀባውን ቦታ ግን ያጠቁረዋል፤ ቤተሰቡ ይህን ቀድሞ ማወቅ አለበት።

ጥርስ ከመነቀሉ በፊት ደግሞ የሚወስዳቸው መድኃኒቶች በሙሉ ለጥርስ ሐኪሙ ይነገሩ። የአጥንት መሳሳት መድኃኒት የሚወስዱ አንዳንድ ሰዎች ከተነቀለ በኋላ የመንጋጭላ አጥንታቸው ላይድን ይችላል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ይበልጥ ሊደማ ይችላል፤ ሆኖም ያለ ሐኪም ፈቃድ ማቆም ከመድማቱ የባሰ አደጋ አለው። የጥርስ ሐኪሙና መድኃኒቱን ያዘዘው ሐኪም መነጋገር አለባቸው።

አንድ ነገር አጥብቄ እጠይቃለሁ። በአረጋውያን ማቆያዎችና በቤት ለቤት እንክብካቤ፣ መድኃኒት የተሰጠበት ሰዓት በዕለት መዝገቡ ላይ ይጻፋል። አፍ የጸዳበት ሰዓት፣ ተነቃይ ጥርሱ የወለቀበት ሰዓት፣ በዚያ ቀን ምን ታኝኮ እንደተበላና ምን እንደተመለሰም እዚያው ገጽ ላይ ይጻፍ።